ምዕራፍ ሰባት፦ ምንም ያልተፈጠረበት ቀን

የጦር ፊልም ማየት የለመደ ሰው ወታደር ሁልጊዜ የሚሮጥ፣ ሁልጊዜ የሚተኩስ ይመስለዋል። በእውነተኛው ግዳጅ፣ በተለይም በሰላም ማስከበር ላይ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ወታደሩ ከአገሩ ርቆ ከሚያሳልፈው ዓመት አብዛኛው የሚያልቀው በመቆም፣ በመጠበቅ፣ ተራ በመያዝ፣ ልብስ በማጠብና ስልክ በመነካካት ነው።

በምዕራፍ አራት ስለ ስንቅና ትጥቅ ስናወራ፣ ዱቄትና ነዳጅ ያልደረሰው ሻለቃ የቱንም ያህል መሣሪያ ቢታጠቅ ከቦታው እንደማይነቃነቅ አይተናል። ያኔ የቆጠርነው የሚታየውን ነገር ነበር፤ ኩንታሉን፣ በርሜሉን፣ ሳጥኑን። በዚህ ምዕራፍ ደግሞ የማይታየውን እንቆጥራለን፤ ሰዓቱን። ሥራ የሌለበት ሰዓትም እንደ ዱቄትና እንደ ጥይት አስቀድሞ ታስቦበት፣ ተመድቦለት መቅረብ ያለበት ነገር ነው። ማንም ያላሰበበት ባዶ ሰዓት የጥበቃን ዓይን ያፈዛል፣ ሥነ ሥርዓትን ይሸረሽራል፤ ሲብስም ሠራዊቱ ሊጠብቀው የሄደውን ሕዝብ ይጎዳል።

(በምዕራፉ ውስጥ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘበኛው የሚከፈለው ለምኑ ነው?

አንድ የግቢ ዘበኛ እናስብ። ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ምንም ካልተፈጠረ ሥራው ሰምሯል ማለት ነው። ለዘበኛው ከባዱ ነገር ታዲያ ሌባው አይደለም፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ያንኑ በር፣ ያንኑ አጥር፣ ያንኑ የመንገድ መብራት ሲያይ ያድራል። ስድስት ወር ሙሉ ሌባ ካልመጣ የቤቱ ባለቤት «ይህ ሰው ለመሆኑ ምን ይሠራልኛል?» ማለት ይጀምራል። የባሰው ደግሞ ዘበኛው ራሱ ይህንኑ ጥያቄ መጠየቅ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ዓይኑ ክፍት ቢሆንም ማየት ያቆማል።

ሰላም አስከባሪ ወታደር ይህ ዘበኛ ነው፤ ከዘበኛው የሚለይባቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛ፣ ሲነጋ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የሚሠራበት፣ የሚበላበትና የሚተኛበት ግቢ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ የሚጠብቀው የአንድን ሰው ንብረት ሳይሆን የሁለት ባላንጣዎችን ድንበር ስለሆነ፣ ሁለቱም ወገኖች በጥርጣሬ ያዩታል። ሥራው በተሳካ ቁጥር የሚታይ ነገር እየጠፋ ይሄዳል። ያልተነሣ ግጭት፣ ያልተቃጠለ መንደር፣ ያልተዘረፈ ከብት ፎቶ አይነሣም።

አብዬ፦ የዝናብና የጥበቃ ዓመት

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ሥራ ቅርቡ ምሳሌ አብዬ ነው። አብዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል የምትገኝ፣ ሁለቱም የኔ ናት የሚሏት፣ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያላት ግዛት ናት። ንጎክ ዲንካዎች ይኖሩባታል፤ ሚሲሪያዎች ደግሞ በበጋ ከብቶቻቸውን ውኃና ሣር ፍለጋ ወደ ደቡብ ይዘው ይመጡባታል። በግንቦት 2011 የሱዳን ጦር ሲይዛት ከ100,000 የሚበልጥ ሰው ተፈናቀለ። ሰኔ 20 ቀን ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ። ከሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 27፣ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1990 ዩኒስፋ የተባለውን ኃይል አቋቋመ፤ የተፈቀደለት ወታደር 4,200 ነበር። እስከ 2022 ድረስ የዚህ ኃይል ወታደሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

በአብዬ ዓመቱን የሚከፍለው ዝናብ ነው። በክረምቱ ጥቁሩ መሬት ውኃ ሲጠጣ ጭቃው የመኪና ጎማ ይውጣል፤ መንገዱ ይዘጋል። ራቅ ያለ ጣቢያ ላይ ያለ ሻምበል በሄሊኮፕተር ካልሆነ ከዋናው ካምፕ ጋር የማይገናኝበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ቅኝቱ ያጥራል፣ ጥበቃው ይበዛል፣ ግቢው ይጠባል። በጋ ሲገባ ደግሞ ከብቱ ይመጣል፤ ግጭቱም አብሮ ሊመጣ ስለሚችል ቅኝቱ ይረዝማል። አንዱ ወር ሥራ የሚበዛበት፣ ሌላው ወር ጊዜ የሚተርፍበት ይሆናል። ሁለቱንም የሚያሳልፈው ያው ወታደር ነው።

ምንም ያልተፈጠረበትን ቀን ጠጋ ብለን እንየው። ሳይነጋ ከማማው ላይ ያደረው ተረኛ ይቀየራል። ጠዋት አየሩ ሳይግል ቅኝት የሚወጣው ቡድን ሬዲዮውን፣ ውኃውንና ጎማውን ፈትሾ ይወጣል። የቀረው መሣሪያ ይወለውላል፣ መኪና ያጥባል፣ አጥር ይጠግናል። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐዩ ሰውን ከጥላ አያስወጣም፤ ቀኑ የሚረዝመው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ የልጁን ፎቶ ደጋግሞ ያያል። ኢትዮጵያውያን ባሉበት ካምፕ ጀበና አይጠፋምና ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። አሥር ሰዓት ሲሆን መረቡ ይወጠርና የመረብ ኳስ ይጀመራል፤ ዳኛው ላይ የሚጮኸው ሰው ከተጫዋቹ ይበልጣል። ማታ ጄነሬተሩ እየጮኸ ቴሌቪዥን ይታያል። ከዚያ ሌላው ተረኛ ወደ ማማው ይወጣል።

ይህን ያነበበ ሰው «ታዲያ ምን ቸገራቸው? ዕረፍት ነው እኮ!» ሊል ይችላል። አደጋው ግን ከአጠገብ አልጠፋም። ኃይሉ በተሰማራ በሁለተኛው ወር፣ ነሐሴ 2 ቀን 2011፣ ማቦክ በተባለ ቦታ ፈንጂ አራት ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎችን ገድሏል። የግዳጅ ዝምታ እንደ ቤት ዝምታ የማያሳርፈው ለዚህ ነው፤ ጆሮ የተቀሰረበት ዝምታ ነው።

ዓይን እያየ እንዴት አያይም?

ስልቹነት የስንፍና ልጅ ይመስለናል። አጥኚዎች ግን የደረሱበት ሌላ ነገር ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል አንድ ችግር ገጠመው። በራዳር ፊት የሚቀመጡት ጠባቂዎች የሠለጠኑና ትጉ ሆነው ሳለ ምልክት ያመልጣቸው ነበር። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ለመፈተሽ አንዲት ሰዓት መሰል መሣሪያ ሠራ። ቆጣሪዋ በእኩል እርምጃ ትዘላለች፤ አልፎ አልፎ ግን እጥፍ ትዘላለች። የተፈታኙ ሥራ ያቺን እጥፍ ዝላይ ማየት ብቻ ነው። በ1948 ባሳተመው ውጤት መሠረት የሰዎቹ የማየት ብቃት ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወረደ። ልብ እንበል፤ ተፈታኞቹ ያልተኙም፣ ያልሰነፉም ነበሩ። የሰው አእምሮ ምንም የማይለዋወጥ ነገርን ለረጅም ጊዜ በንቃት እንዲያይ አልተሠራም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የፈዘዘውን ዘበኛ በቁጣ ማንቃት የማይቻለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ተራውን ማሳጠር፣ ቦታውን መለዋወጥና አእምሮው በትክክል የሚያርፍበት ሰዓት መስጠት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከግብጽ ሲና በረሃ ነው። ግብጽና እስራኤል ከታረቁ በኋላ ስምምነታቸውን የሚታዘብ ዓለም አቀፍ ኃይል በሚያዝያ 1982 ሥራ ጀመረ። ከአሜሪካ የሄደው የመጀመሪያው ሻለቃ ለውጊያ የሠለጠነ የአየር ወለድ ጦር ነበር፤ ሲና ላይ የጠበቀው ግን አሸዋና ዝምታ ነው። ጄሲ ሃሪስና ዴቪድ ሲገል የተባሉ ተመራማሪዎች ወታደሮቹን አጥንተው በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ ስልቹነትን ፈታትተው አሳዩት። ውስጡ አራት ነገሮች አሉ፦ የሠለጠኑበትን ሙያ አለመጠቀም፣ ከለመዱት የአኗኗር ባህል መራቅ፣ ለብቻ የሚሆኑበት ቦታ ማጣትና ከዓለም መገለል።

ይህ ክፍፍል ጠቃሚ ነው። አንድ አዛዥ «ወታደሮቼ ተሰላቹ» ሲል ከአራቱ የቱ ነው ብሎ መጠየቅ አለበት። ሙያው የዛገበትን ሰው ቴሌቪዥን አይፈውሰውም፤ ሥልጠና ይፈልጋል። ከሃያ ሰው ጋር ድንኳን የሚጋራውን ሰው ተጨማሪ የቡድን ጨዋታ አይፈውሰውም፤ እሱ የሚፈልገው ለአንድ ሰዓት ማንም የማያየው ጥግ ነው። መዝናኛው ለማን እንደሆነም መጠየቅ አለበት፤ ኢትዮጵያ ብዙ ሴት ሰላም አስከባሪዎችን ካሰማሩ አገሮች አንዷ ናት። ብቸኛው መዝናኛ ወንዶች ኳስ የሚያዩበት አንድ አዳራሽ ከሆነ፣ ለሴቷ ወታደር መዝናኛ አለ ማለት አይቻልም።

በ1990ዎቹ ደግሞ ፖል ባርቶንና ባልደረቦቹ በቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የተሰማራ የሕክምና ክፍል አጥንተው፣ የሰላም አስከባሪን ጭንቀት በአምስት ከፈሉት፦ መገለል፣ የተልዕኮው ግልጽ አለመሆን፣ አቅመ ቢስነት፣ ስልቹነትና አደጋ። በፊልም የምናየው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

የባዶ ሰዓት በጀት

ይህ ሁሉ የተመራማሪዎች ወግ ሆኖ አልቀረም፤ ወደ ሒሳብ መዝገብ ገብቷል።

በምዕራፍ አራት እንዳየነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የራሱ ጦር የለውም። አገሮች ወታደርና ዕቃ ያዋጣሉ፣ ድርጅቱ ይከፍላቸዋል። ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ክፍያው ለአንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር ነበር፤ ገንዘቡ የሚገባው ለመንግሥቱ ሲሆን፣ ለወታደሩ ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚወስነው አገሩ ነው። ከዚህ ሌላ ድርጅቱ ራሱ ለወታደሩ በቀን 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም የኪስ ገንዘብ፣ የዕረፍት ፈቃድ ሲወጣ ደግሞ ለተወሰኑ ቀናት በቀን 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይከፍላል። አገሮች ወጪያቸው እንዲተካላቸው በሚያቀርቡት የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ከድንኳን፣ ከልብስ እጥበትና ከሕክምና ጎን «መዝናኛና ደኅንነት» እንዲሁም «ኢንተርኔት» ራሳቸውን ችለው ተጽፈዋል። መርማሪ መጥቶ ጄነሬተሩን እንደሚፈትሽ ሁሉ ኢንተርኔቱ መሥራቱን ይፈትሻል።

ምግቡም የዚሁ አካል ነው። የድርጅቱ የስንቅ ስሌት ለአንድ ወታደር በቀን 4,500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይመድባል፤ ዝርዝሩም የየአገሩን ልማድና ሃይማኖት ከግምት እንዲያስገባ ይጠበቃል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ረመዳን የሚይዝ፣ እንጀራ ካልበላ የበላ የማይመስለው ሰው ያለበት ሻለቃ በካሎሪ ብቻ አይጠግብም። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ኢድ በካምፕ ውስጥ ደመቅ ተደርገው ሲከበሩ ትርጉማቸው ከሃይማኖትና ከባህል ያልፋል። አንዱን ወር ከሌላው የሚለዩ ምልክቶች ናቸው። ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት በሆነበት ቦታ በዓል የጊዜ ምሰሶ ነው።

መዝናኛ ትኩረት ያገኘበት አንዱ ምክንያት ግን የሚያስደስት አይደለም። በ2004 በኮንጎ የተሰማሩ ሰላም አስከባሪዎች በሴቶችና በሕፃናት ላይ ወሲባዊ በደል መፈጸማቸው በሰፊው ተጋለጠ። በ2003 የወጣው የዋና ጸሐፊው መመሪያ ከ18 ዓመት በታች ካለ ሰው ጋር ወሲብ መፈጸምን፣ በገንዘብ ወይም በምግብ ወሲብ መለወጥን አስቀድሞ ከልክሎ ነበር። የዮርዳኖሱ ልዑል ዘይድ ራአድ አል ሁሴን በመጋቢት 2005 ባቀረቡት ሪፖርት ተጠያቂነት እንዲጠብቅ ጠየቁ፤ ከምክሮቻቸው መካከል የወታደሩን የመዝናኛ፣ የስፖርትና ከቤተሰብ ጋር የመገናኛ ዕድል ማሻሻል ይገኝበታል። ስልቹነት ወንጀልን አያስተባብልም፤ በደለኛው በደለኛ ነው። ነገር ግን ወጣት ወንዶችን ገንዘብና መሣሪያ አስይዞ፣ በድህነት ከተጎዳ ሕዝብ አጠገብ፣ ያለ ቁጥጥርና ያለ መዝናኛ ማስቀመጥ ለበደል በር መክፈት ነው። ባዶ ሰዓት የወታደሩ የግል ጉዳይ ብቻ ሊሆን የማይችለው በዚህ የተነሣ ነው።

ከቤት የሚመጣው ድምፅ

ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በ1960 ኮንጎ ሲዘምቱ ከቤተሰብ የሚያገናኛቸው ደብዳቤ ነበር። ሌተና ጄነራል ከበደ ገብሬ ከ1962 እስከ 1963 በዚያ የተሰማራውን የድርጅቱን ጦር በሙሉ ሲያዙ እንኳ፣ አንድ ተራ ወታደር የእናቱን ደኅንነት የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ደብዳቤ ሲደርስ ወሬው አርጅቷል፤ የታመመው ድኗል፣ የተጣላው ታርቋል።

ዛሬ ስልክ አለ። እናት በምስል ትታያለች፣ ልጅ ሲራመድ ይታያል። ብቸኝነትን በማቅለል ረገድ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ነገር ግን ያው ስልክ የቤቱን ችግር ትኩስ ትኩሱን ይዞ ይገባል። ልጅ ትኩሳት ይዞታል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ወንድም ከጎረቤት ተጣልቷል፣ በቀዬው ግጭት ተነሥቷል። ወታደሩ ሁሉንም ይሰማል፤ አንዱንም መፍታት አይችልም። ባርቶን አቅመ ቢስነት ያለው ይኸው ነው። ብልህ የሻምበል አዛዥ ስልክ አይከለክልም፤ ከስልኩ በኋላ ፊቱ የጠቆረውን ሰው አይቶ የዚያን ሌሊት ጥበቃ ለሌላ ይሰጥለታል።

ምቾት ብቻውን ይበቃል?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ገንዘብ ያለው ጦር ይህን ሁሉ በገንዘብ አይፈታውም ወይ?

በጅቡቲ ያለው የአሜሪካኖቹ ካምፕ ሌሞኒየ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ድሮ የፈረንሳይ ጦር ይዞታ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ 4,000 ያህል ሰው ይሠራበታል፤ የስፖርት አዳራሽ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ሱቅና መዝናኛ ክበብ አለው። ከዚያ በፊት ደግሞ በአስመራ የቃኘው ጣቢያ ነበር። ከ1943 እስከ 1977 የቆየው ይህ የአሜሪካ የሬዲዮ ጣቢያ ስሙን ከጊዜ በኋላ ያገኘው በኮሪያ ከዘመተው ቃኘው ሻለቃ ነው። የቦውሊንግ መጫወቻ፣ የራሱ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት ነበረው፤ የዕረፍት ቀን ደግሞ ወታደሮቹ ወደ ምጽዋና ወደ ከረን የማረፊያ ቦታዎች ይወርዱ ነበር።

እንዲህ ያለው ምቾት ከአራቱ የስልቹነት ክፍሎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ያቃልላል። ሙያን አለመጠቀምን ግን አይነካም። ዘበኛውን ምቹ ወንበርና ቴሌቪዥን ብንሰጠው ደስ ይለዋል፤ «እዚህ የቆምኩት ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄው ግን አይመለስለትም። እንዲያውም ወንበሩ በጣም ከተመቸው በሩን ይረሳዋል።

ለዚህኛው መልሱ ያለው ከግቢው ውጭ ነው። ከአብዬ ከተማ በስተሰሜን አሚየት የሚባል ገበያ አለ፤ ዲንካውና ሚሲሪያው ተገናኝተው ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ። በዚያ አካባቢ ቅኝት የወጣ ወታደር አንዱ ስኳር፣ ሌላው ከብት ይዞ ሲገበያይ በዓይኑ ያያል። የሚጠብቀው ነገር መልክና ድምፅ አገኘ ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ማታ ማማው ላይ ሲወጣ ጨለማው ያው ነው፤ እሱ ግን ለምን እንደቆመ ያውቃል።

ጥሩ አዛዥ ምን ያደርጋል?

እስካሁን ያልነውን ስናጠቃልለው አራት ነገሮች ይወጡታል።

አንደኛ፣ ሳምንቱን ያለያየዋል። የእሑድ ቀን ከማክሰኞ የተለየ ምግብ፣ የተለየ ሰዓት፣ የተለየ ልብስ ካለው ዓመቱ ያጥራል።

ሁለተኛ፣ ተራን በፍትሕ ያከፋፍላል። ወታደር ከባድ ሥራ ይችላል፤ የማይችለው አድልዎ ነው። የዕረፍት ፈቃድ ዝርዝር በግልጽ ተለጥፎ ሲታይ ግማሹ ሐሜት ይሞታል።

ሦስተኛ፣ ሙያን ያሠለጥናል። የመኪና ጥገና፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ፣ የኮምፒዩተር ትምህርት፣ የአካባቢውን ሕዝብ ቋንቋ ጥቂት ቃላት ማወቅ፤ ሰው ከግዳጁ አንድ ነገር ይዞ እንደሚመለስ ሲያውቅ ቀኑ ባዶ አይሆንበትም።

አራተኛ፣ እውነቱን ይናገራል። የመመለሻ ቀን ከተራዘመ ተራዝሟል ይላል። ወሬ የሚፈለፈለው መረጃ በሌለበት ቦታ ነው፤ ሥራ የሌለው ካምፕ ደግሞ ለወሬ የተመቸ ነው።

ከአራቱ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁሉም ግን አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃሉ፤ ከነዳጁና ከዱቄቱ እኩል በዕቅዱ ላይ መጻፍ አለባቸው።

ስለዚህ ወደፊት ስለ አንድ የሰላም ማስከበር ተልዕኮ ስትሰሙ ስንት ወታደርና ስንት ታንክ እንደሄደ ብቻ አትጠይቁ። ጥበቃው በስንት ሰዓት እንደሚቀየር፣ የዕረፍት ፈቃዱ በወቅቱ እንደሚሰጥ፣ ወታደሩ ለምን እንደቆመ ያስረዳው አዛዥ እንዳለ ጠይቁ። እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኙበት ጦር ምንም ያልተፈጠረበትን ቀን ደጋግሞ ማሳለፍ ይችላል። የሰላም ማስከበር ድልም ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።